ያው ሽታ አንዴ የሚስበው፣ አንዴ የሚያባርረው ለምንድን ነው?

መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሰሞኑን ስለ ስሜት ሕዋሳት ስናጠና አንዲት ተማሪ ያነሳችውን ጥያቄ በአጥጋቢ ሁኔታ መመለስ ስላቃተኝ ወደ እናንተ ይዤው መጥቻለሁ። ጥያቄዋ ይህ ነበር፦ የፍራፍሬ ዝንብ ትንሽ የኮምጣጤ ሽታ ሲደርሳት ወደ ሽታው ትሄዳለች፤ ያው ኮምጣጤ በብዛትና በጥንካሬ ሲቀርብላት ግን ትሸሻለች። ኬሚካሉ አንድ፣ ዝንቧም አንዲት ከሆነች ውሳኔው የተለወጠው የት ላይ ነው?

እኔ የመለስኩላት «አንቴናዋ ሽታውን ይቀበላል፣ አንጎሏ ይወስናል» ብዬ ነው። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ምንም እንዳላስረዳኋት ተሰማኝ፤ የተጠየቅሁት አንጎሏ እንዴት እንደሚወስን ነበርና። በእጄ ያሉት መጻሕፍት አንቴናው ላይ ይጀምሩና «ምላሽ ትሰጣለች» በሚለው ቃል ይጨርሳሉ፤ በመካከል ያለው ነገር ተዘሏል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ለእኔም ለተማሪዎቼም ትልቅ ውለታ ነው።


የነርቭ ተማሪ

መምህርት፣ የተማሪዎ ጥያቄ ተመራማሪዎች ራሳቸው በሙከራ የፈተኑት ጥያቄ ስለሆነ በቀጥታ መልስ አለው። መልሱ እንዲገባ ግን መንገዱን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

የዝንብ አንቴና ደቃቅ ቀዳዳዎች ባሏቸው ጥቃቅን ፀጉሮች የተሸፈነ ነው። የሽታ ሞለኪውሎች በቀዳዳዎቹ ገብተው በውስጥ ባለው ፈሳሽ በኩል የነርቭ ሴሎች ጫፍ ላይ ይደርሳሉ። በአንድ የፍራፍሬ ዝንብ አንቴና ላይ እንዲህ ያሉ ሴሎች ወደ 1200 ገደማ ናቸው። እያንዳንዱ ሴል በአብዛኛው አንድ ዓይነት የሽታ ተቀባይ ፕሮቲን ብቻ ይይዛል፤ ከእርሱም ጋር የብዙዎቹ ተቀባዮች የጋራ አጋር የሆነ ኦርኮ የተባለ ፕሮቲን ይጣመራል። እዚህ ላይ ነፍሳት ከእኛ የሚለዩበትን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ በእኛ አፍንጫ ውስጥ ሞለኪውሉ ከተቀባዩ ጋር ሲጣበቅ በሴሉ ውስጥ ተከታታይ የኬሚካል ቅብብሎሽ ይጀመራል፤ የነፍሳት ተቀባይ ግን ከኦርኮ ጋር ሆኖ ራሱ በር ነው፣ ሞለኪውሉ ሲነካው ይከፈትና ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አዮኖችን ያስገባል። ይህ በ2008 በታተሙ ሥራዎች የታየ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ለጥያቄዎ ዋናው ነው። አንድ ዓይነት ተቀባይ የያዙ ሴሎች በአንቴናው ላይ ተበታትነው ቢገኙም፣ ክሮቻቸው አንጎል ውስጥ ሲገቡ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ይህ ቦታ ግሎሜሩለስ የሚባል ክብ የነርቭ ቋጠሮ ነው፤ የፍራፍሬ ዝንብ በእያንዳንዱ የአንጎል ጎን 50 ያህል ቋጠሮዎች አሏት። ስለዚህ ማንኛውም ሽታ ወደ አንጎል ሲደርስ «ከ50ዎቹ ቋጠሮዎች የትኞቹ፣ በምን ያህል ኃይል ተቀሰቀሱ» ወደሚል ምስል ይቀየራል።

ወደ ኮምጣጤው ስንመለስ፣ በ2009 የታተመ ጥናት ቀለል ያለ የኮምጣጤ ሽታ ስድስት ቋጠሮዎችን እንደሚቀሰቅስ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ቋጠሮዎቹን በየተራ ዝም ሲያሰኟቸው ዝንቧን ወደ ሽታው የሚስቧት ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን አገኙ። ሽታው ሲበረታ ደግሞ እስከዚያ ዝም ብሎ የነበረ ሌላ አንድ ቋጠሮ ይነሳል፤ የዚህ ቋጠሮ ተቀባይ በቀላሉ የማይቀሰቀስ፣ ብዙ ሞለኪውል የሚፈልግ ነው። ይህን ቋጠሮ ብቻ ሲያጠፉት ዝንቧ ከጠንካራው ኮምጣጤ መሸሽዋን ተወች። እንግዲህ ለተማሪዎ፣ ኬሚካሉ አንድ ቢሆንም ወደ አንጎሏ የደረሰው ምስል አንድ አልነበረም ብለው ሊመልሱላት ይችላሉ።


ተከራካሪ

ከላይ ለተሰጠው ማብራሪያ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ይህ ማብራሪያ «ውሳኔ» የሚለውን ቃል አላስፈላጊ ያደረገው ይመስለኛል። አንዱ ቋጠሮ ሲነሳ ቅረቢ፣ ሌላው ሲነሳ ሽሺ ከሆነ፣ የምንነጋገረው በሽቦ ስለተያያዘ መሣሪያ እንጂ ስለሚያመዛዝን አንጎል አይደለም።

ለዚህ የሚስማማ ሁለት ምሳሌ ልጨምር። የመጀመሪያው የሐር ትሉ የእሳት እራት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ቡተናንት ከሃያ ዓመት ገደማ ድካም በኋላ፣ ከግማሽ ሚሊዮን ሴት እራቶች ዕጢ ጥቂት ሚሊግራም ብቻ አጣርቶ በ1959 ቦምቢኮል የተባለውን የመጥሪያ ሽታ ማንነት ይፋ አደረገ፤ ከፌሮሞኖች፣ ማለትም አንድ ዓይነት እንስሳት እርስ በርስ ከሚላላኩባቸው ሽታዎች፣ በኬሚካላዊ ቅርጹ የታወቀ የመጀመሪያው ነው። የወንዱ አንቴና ለዚህ ሽታ የተለየ ሴል አለው፤ አንዲት ሞለኪውል ብቻ አንዱን ሴል የኤሌክትሪክ ምት እንዲያሰማ ልታደርገው ትችላለች፤ በመላው አንቴና ላይ በሴኮንድ ሁለት መቶ ያህል ሲደርሱም ወንዱ ክንፉን ማርገብገብ ይጀምራል። ሁለተኛው ጂኦስሚን ነው፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ከአፈር የምናሸተው ሽታ። አንዳንድ ሻጋታዎችና ባክቴሪያዎች ያመነጩታል። በ2012 እንደታየው የፍራፍሬ ዝንብ ለዚህ ሽታ ብቻ የተመደበ አንድ ተቀባይና አንድ ቋጠሮ አላት፤ ያ መስመር ሲነካ ማራኪ ሽታ እንኳ አጠገቡ ቢኖር ምግቡን ትተዋለች፣ እንቁላሏንም እዚያ አትጥልም። ይህ ቀጥተኛ ሽቦ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?


የነርቭ ተማሪ

ያነሷቸው ሁለቱ ምሳሌዎች ትክክል ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ቀጥተኛ መስመሮች መኖራቸውንም እቀበላለሁ። ስህተት የሚመጣው ከእነርሱ ተነስተን ሁሉንም እንዲሁ ነው ስንል ነው። ያው ቋጠሮ፣ በዚያው ኃይል ተነስቶ፣ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ የሚያስከትልበት ሁኔታ አለና።

የወንድ ፍራፍሬ ዝንብ ሲቪኤ በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ፌሮሞን አለው። ይህ ሽታ ሌላውን ወንድ ከመሽኮርመም ይገታዋል፤ ሴቷን ግን ወንድን ለመቀበል ያዘጋጃታል። በወንዱም በሴቷም አንቴና ላይ ያለው ተቀባይ አንድ ነው፣ ቋጠሮውም አንድ ነው፣ ከቋጠሮው ወደ ውስጥ የሚወጡት ሴሎች የሚያሰሙት ምትም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ፣ የጎን ቀንድ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው፤ በ2013 እንደተገለጸው ምልክቱ በወንዱ ወደ አንድ የሴሎች ቡድን፣ በሴቷ ደግሞ ወደ ሌላ ቡድን ይሄዳል። ሐዲዱ አንድ ሆኖ መቀየሪያው በፆታ የሚለያይ የባቡር መንገድ አድርገው ያስቡት።

ሁለተኛው ረሃብ ነው። የዝንብ ሆድ ባዶ ሲሆን የኢንሱሊን መጠኗ ይወርዳል። ይህ መውረድ ኮምጣጤን ከሚስቡት ሁለት ቋጠሮዎች በአንዱ ላይ፣ ከአንቴና የመጣው ክር ከቀጣዩ ሴል ጋር የሚገናኝበትን ሲናፕስ ያጠነክረዋል። በአየር ላይ ያለው ሽታ ሳይለወጥ፣ የተራበችው ዝንብ ገና ከመጀመሪያው መጋጠሚያ ጀምሮ ሽታውን አጉልታ ትቀበለዋለች ማለት ነው። ሽቦ ብለው ቢጠሩትም ቅር አልሰኝም፤ ሽቦው ግን የሰውነትን ሁኔታ እያዳመጠ ራሱን የሚያስተካክል ነው።


ንብ አርቢ

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከንቦች ጋር ነው። የሁለታችሁንም ክርክር ቀፎ አጠገብ አይቼዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ንብ ጓንቴን ነደፈችኝ፤ ልብ ሳልለው ጓንቱን ሳላወልቅ ወደሚቀጥለው ቀፎ ሄድኩ፤ እዚያ ያሉት ንቦች ምንም ሳልነካቸው ወጥተው ተረባረቡብኝ። ንብ ስትነድፍ ከመንደፊያዋ አጠገብ ካለ ዕጢ የሙዝ ሽታ የሚመስል የማስጠንቀቂያ ሽታ እንደሚወጣ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኬሚካሉ አይሶፔንቲል አሲቴት ይባላል፣ የታወቀውም በ1962 ነው። እኔ ያን ምልክት በጓንቴ ይዤላቸው ነበር የሄድኩት። ጭስ የምናጨስበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፤ ጭስ አንቴናቸው ለማስጠንቀቂያው ሽታ ያለውን ንቃት ለተወሰኑ ደቂቃዎች እንደሚቀንስ፣ ከዚያም ወደ ነበረበት እንደሚመለስ በመለኪያ ተረጋግጧል። እስከዚህ ድረስ «ሽቦ ነው» ያሉት ወንድማችን ልክ ናቸው።

ይሁን እንጂ ያችው ንብ ከዚያ ቀደም አሽትታው የማታውቀውን ሽታ ከስኳር ውኃ ጋር አንድ ጊዜ ካገኘችው፣ ቀጥሎ ሽታው ብቻውን ሲመጣ ምላሷን ትዘረጋለች። ሦስት ጊዜ ከተደጋገመላት ለቀናት አትረሳውም። ያንን ሽታ ማንም በዘሯ ውስጥ አልጻፈላትም። ይህስ የሚቀመጠው የት ነው? እኔን ለዓመታት ሲያስደንቀኝ የኖረው ይህ ነው።


የማስታወስ አጥኚ

ንብ አርቢ ያነሱት ጥያቄ የእኔ የሥራ መስክ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ቦታው የእንጉዳይ አካል ይባላል። ፈረንሳዊው ፌሊክስ ዱዣርዳን በ1850 የነፍሳትን አንጎል ሲመረምር ግንድና ቆብ ያለው እንጉዳይ የሚመስል ጥንድ ክፍል አየ፤ ማኅበራዊ ኑሮ ባላቸው ነፍሳት ውስጥ ጎልቶ ስላገኘውም ከብልህነት ጋር እንደሚያያዝ ገመተ። ይህን ክፍል የሚሞሉት ጥቃቅን ሴሎች፣ በ1896 የንብን አንጎል በዝርዝር በገለጸው በኬንዮን ስም የኬንዮን ሴሎች ተብለዋል። የፍራፍሬ ዝንብ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 2000 አሏት፤ ንብ ደግሞ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 170,000 ገደማ። መላው የንብ አንጎል አንድ ሚሊዮን የማይሞላ ሴል ያለው መሆኑን ስታስቡ፣ ከሲሶው በላይ ለዚህ ክፍል መሰጠቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይነግራችኋል።

ከ50ዎቹ ቋጠሮዎች የሚወጡት ክሮች እዚህ ሲደርሱ ሥርዓታቸው ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ተጠብቆ መጥቶ ነበር፤ እዚህ ግን አንድ የኬንዮን ሴል በአማካይ ሰባት ከሚሆኑ ክሮች መልእክት ይቀበላል፤ የትኞቹ ሰባት እንደሚሆኑም በአብዛኛው በዕጣ የተደለደለ ያህል ነው፣ ከአንዷ ዝንብ ወደ ሌላዋ ይለያያል። ሴሉ የሚነሳው ከእነዚህ መካከል በርከት ያሉት አብረው ሲመጡለት ብቻ ነው። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ገቺ ሴል ሁሉንም ያዳምጥና ሁሉንም መልሶ ይጫናቸዋል። ውጤቱም ለአንድ ሽታ ከመቶ አምስት እስከ አሥር ያህሉ ሴሎች ብቻ የሚነሱ መሆናቸው ነው። በ2014 ተመራማሪዎች ይህን ገቺ ሴል ሲያግዱት ብዙ ሴሎች ለብዙ ሽታዎች አብረው ተነሱ፤ ዝንቦቹ በጣም የተለያዩ ሽታዎችን መለየት ቢችሉም የሚቀራረቡትን መለየት አቃታቸው። ጥቂቶች ብቻ የሚናገሩበት ሸንጎ ማን ምን እንዳለ ለማስታወስ ይመቻል።

ትምህርቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በእንጉዳዩ አካል ውስጥ ዶፓሚን የተባለ የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል የሚረጩ ሴሎች አሉ፤ አንዱ ወገን ቅጣትን፣ ሌላው ወገን ሽልማትን ያውጃል። አንድ ሽታ ጥቂት የኬንዮን ሴሎችን ባስነሳበት ቅጽበት ዶፓሚኑ ከደረሰ፣ የእነዚያ ጥቂት ሴሎች ሲናፕስ ብቻ ይለወጣል፤ ዝም ብለው የነበሩት ግን ሳይነኩ ይቀራሉ። በንብ ላይ ደግሞ ማርቲን ሐመር በ1993 ያሳየው አስደናቂ ነገር አለ፦ ከስኳር ጣዕም ጋር የሚነሳ አንድ ብቸኛ የነርቭ ሴል አገኘ፤ ሽታውን ካሰማት በኋላ ስኳር ሳይሰጣት ያንን ሴል ብቻ በኤሌክትሪክ ሲያስነሳው ንቧ ስኳር የቀመሰች ያህል ሽታውን ተማረች።


መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን እንዲብራራልኝ እለምናለሁ። ሲናፕሱ «ይለወጣል» ያሉት ይጠነክራል ማለት ነው? ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የማስተምረው መማር ማለት የነርቭ ግንኙነት መጠንከር እንደሆነ ነው።


የማስታወስ አጥኚ

መምህርት፣ ይህን መጠየቅዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ እኔም ስጀምር እንደዚያ ነበር የማስበው። በዝንብ የእንጉዳይ አካል ውስጥ ሽታና ዶፓሚን ሲገናኙ በዋናነት የሚሆነው መዳከም ነው።

ከኬንዮን ሴሎች መልእክት ተቀብለው ወደ ውጭ የሚያወጡት ሴሎች በጣም ጥቂት ናቸው፤ በዝንብ በእያንዳንዱ የአንጎል ጎን 34 ብቻ፣ በ21 ዓይነት ይመደባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ «ቅረቢ»፣ ሌሎቹ «ራቂ» ወደሚል ይገፋሉ። ያልተማረ ሽታ ሲመጣ ሁለቱም ወገን ይናገራል፤ ሚዛኑም እኩል አካባቢ ይቆማል። ሽታው ከኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር ከመጣ የቅጣት ዶፓሚን «ቅረቢ» ወደሚሉት የሚሄደውን ሲናፕስ ያዳክመዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያ ሽታ ሲመጣ «ራቂ» የሚለው ድምፅ ሳይጨምር፣ ተቃራኒው ስለቀነሰ ብቻ ያሸንፋል። በሽልማት ጊዜ ደግሞ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ለተማሪዎችዎ በሚዛን ሥዕል ቢያሳዩአቸው ይመስለኛል የሚሻለው፤ አንዱ ሳህን ላይ ድንጋይ ሳይጨመር ከሌላው ላይ ማንሳትም ሚዛኑን ያዘነብለዋል።


መሐንዲስ

ውይይቱን ከመጀመሪያው ስከታተል ቆይቻለሁ። ሙያዬ በራሳቸው የሚጓዙ ሮቦቶች ስለሆነ ያልተነካውን አንድ ነገር ላንሳ፤ እንስሳዋ ሽታውን ለየች፣ ለመቅረብም ወሰነች እንበል፤ ወደ የት ነው የምትቀርበው?

ብዙ ሰው ሽታ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ቀስ በቀስ እየሳሳ የሚሄድ፣ እንስሳዋም ወደሚወፍርበት አቅጣጫ እየተከተለች የምትደርስበት ይመስለዋል። በነፋስ ውስጥ እንዲህ አይደለም። ከጭስ ማውጫ የሚወጣን ጭስ ተመልከቱ፤ ይቆራረጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ከምንጩ ርቆም ወፈር ያለ ቅዳጅ ይገኛል። በዚህ መካከል የሚበር እራት የሚያጋጥመው ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሽታና ረዘም ያለ ባዶ አየር ነው። ስለዚህ የሽታው ውፍረት አቅጣጫ አይነግረውም፤ አቅጣጫ የሚነግረው ነፋሱ ነው። ሽታው ሲነካው ነፋሱን ተቃርኖ ወደፊት ይወረወራል፤ ሽታው ሲጠፋበት ደግሞ ነፋሱን እያቋረጠ ግራና ቀኝ ይቃኛል፣ እስኪያገኘው ድረስም ቅኝቱን ያሰፋል። የፍራፍሬ ዝንብም የምትከተለው ይህንኑ ነው፤ በ2014 በነፋስ ዋሻ ውስጥ ሲለካ ሽታው ከነካት በኋላ 0.19 ሴኮንድ ያህል ቆይታ ወደ ነፋሱ ትዞራለች፣ ሽታውን ካጣች በኋላ ደግሞ 0.45 ሴኮንድ ያህል ቆይታ መቃኘት ትጀምራለች።

እኔን በጣም የገረመኝ በሙከራ የታየው ነው፦ ወንድ እራቶች ያለማቋረጥ በሚፈስ ወጥ የፌሮሞን ደመና ውስጥ ሲገቡ ወደ ምንጩ መጓዝ ያቅታቸዋል፤ ሽታው በምት በምት ተከፋፍሎ ሲለቀቅላቸው ግን ቀጥ ብለው ይበራሉ። መቆራረጡ ለእነርሱ እንቅፋት ሳይሆን የሚጓዙበት ምልክት ነው። ቀደም ሲል እንደተነሳው ተቀባዩ ራሱ በር ሆኖ ወዲያው መከፈቱ ለምን እንደሚያስፈልግ እኔ የተረዳሁት በዚህ ነው፤ ዘገምተኛ ተቀባይ ምቶቹን አጣብቆ አንድ ደመና ባደረጋቸው ነበር።


ተከራካሪ

ከእኔ አስተያየት ከፊሉን አነሳለሁ። በሲቪኤውና በረሃቡ ምሳሌ «ሽቦ ብቻ» የሚለው አባባሌ እንደማይበቃ ተረድቻለሁ። ይሁንና አሁን የተሳለው ሥዕል ንጹሕ ክፍፍል ያለው ይመስላል፤ የተወለዱበት ምላሽ በጎን ቀንድ፣ የተማሩት ደግሞ በእንጉዳይ አካል። ይህ ክፍፍል በእርግጥ ይጸናል?


የማስታወስ አጥኚ

ለብዙ ዘመን የጸና መስሎ ቆይቷል፤ የተመሠረተውም በጥሩ ማስረጃ ላይ ነበር። በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች ዝንቦች ገና እጭ ሳሉ የእንጉዳይ አካላቸው እንዳያድግ በመድኃኒት አደረጉ። ዝንቦቹ ካደጉ በኋላ ያሸቱ ነበር፣ ከሚጠሉት ሽታም ይሸሹ ነበር፤ ሽታን ከንዝረት ጋር አያይዞ መማር ግን ፈጽሞ አልቻሉም። ከዚህ ተነስቶ እርስዎ ያሉትን ክፍፍል መሳል ተገቢ ነበር።

ሆኖም በ2013 ይህን የሚያናጋ ነገር ታየ። ዝንቦች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሳይማሩ ይሸሹታል፤ እንደ ክፍፍሉ ከሆነ ይህ የእንጉዳይ አካል ሥራ መሆን የለበትም። በጠገበች ዝንብ ላይ በእርግጥ አይደለም፤ የእንጉዳይ አካሏን ዝም ቢያሰኙትም ትሸሻለች። የተራበች ዝንብ የእንጉዳይ አካሏ ዝም ሲል ግን መሸሽዋን ትተዋለች። ሆዷ ባዶ ሲሆን ያው የተወለደችበት ምላሽ በሌላ መንገድ ያልፋል። ምናልባት የሚበላ ፍሬ ሲቦካ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ የተራበች ዝንብ ጋዙን ከሌላው ሽታ ጋር አመዛዝና እንድትሸሽ ወይም እንድትቀርብ የሚያደርጋት ይህ መንገድ ይሆናል፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

በ2024 የታተመው የአንዲት ሴት ፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ 139,255 የነርቭ ሴሎችንና 50 ሚሊዮን ገደማ ሲናፕሶችን ይዟል። ካርታውን ስንከተል የጎን ቀንድና የእንጉዳይ አካል በብዙ ክር የተሳሰሩ ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ከእንጉዳዩ አካል ከሚወጡት 34ቱ መካከልም ከጎን ቀንድ በሚመጡ ክሮች ላይ በቀጥታ የሚያርፉ አሉ። መምህርት፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ቦታ አንድ ነጥብ ላይ የማይገኘው ለዚህ ይመስለኛል፤ የኮምጣጤው መልስ የተለወጠው ሽታው ሲበረታ ከስድስቱ ሌላ በሚነሳው በሰባተኛው ቋጠሮ ላይ ነው፣ ተርባ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ሲናፕስ ላይ፣ ኮምጣጤውን ከንዝረት ጋር አግኝታው ከነበረም ከዚያ በኋላ በእንጉዳዩ አካል ውስጥ።